ብርሃንን የሚቀድም ለምን ጠፋ?

ከፈረንጅ አራዳ ወደ ጅሬን በባጃጅ እየሄድኩ ነው። መሽቷል። ጅማ ናትና ዝናቡም ይወርዳል። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው የፊቱን መስታወት በጨርቅ ይወለውላል። ከዚህ በፊት አሳፍሮኝ ስለ ፊዚክስ አውርተን ነበር። አልረሳውም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «ይቺ ባጃጅ በብርሃን ፍጥነት ብትሄድና መብራቷን ባበራው፣ ብርሃኑ ወደፊት ይወጣል ወይስ እዚያው አምፖሉ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል?»

ሳቅሁ። ከዚያ መመለስ ጀመርኩ። ገና ከመግቢያው ሳልወጣ «ወራጅ አለ» የምልበት ቦታ ደረሰ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ማታ ዕዳ ነው።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አልበርት አይንስታይን የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የዚህኑ ጥያቄ ወንድም ይዞ ተጨንቋል። የብርሃንን ጨረር በራሱ በብርሃን ፍጥነት ብከተለው ምን አያለሁ? መልሱን እስኪያገኝ 10 ዓመት ፈጅቶበታል። እኔ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅሬን ያለው መንገድ ባይበቃኝ አይፈረድብኝም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቅ። ብርሃን በባዶ ጠፈር ውስጥ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይሄዳል። ይህ «ገደማ» የሚባል ቁጥር አይደለም። ከ1983 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሜትር የሚባለው ልኬት ራሱ የሚወሰነው በብርሃን ፍጥነት ነው። ለወሬ እንዲመቸን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እንበለው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ሰኮሩን አልፎ፣ ጊቤን ተሻግሮ፣ ወልቂጤና ወሊሶን አቋርጦ እስኪገባ ወገብ ይቆረጣል። ብርሃን ይህንኑ ርቀት በሰከንድ አንድ ሺህኛ ከትንሽ በላይ ይጨርሰዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ በትንሹ 40 ጊዜ ደርሶ ይመለሳል።

ፈጣን ነው፤ ግን በቅጽበት አይደርስም። ይህን በ1676 የነቃበት የዴንማርኩ ኦሌ ሮመር ነው። ጁፒተርን ከሚዞሩት ጨረቃዎች አንዷ አዮ ትባላለች። መሬት ከጁፒተር ስትርቅ የአዮ ግርዶሽ ይዘገያል፤ ስትቀርብ ደግሞ ቀደም ይላል። አዮ ሰዓት የማታከብር ሆና አይደለም። የዘገየው መንገድ ላይ ያለው ብርሃን ነው።

እሺ፣ ፈጣን ይሁን። ግን ፈጣን መሆን አንድ ነገር ነው፣ የማይቀደም መሆን ሌላ። አቦሸማኔም ፈጣን ነው፤ ሞተር ሳይክል ግን ጥሎት ይሄዳል። ታዲያ ብርሃንን ጥሎት የሚሄድ ሞተር ለምን አይሠራም?

ወደ ባጃጇ እንመለስ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። አንዱ ተሳፋሪ የቡና ፍሬ ወደፊት በ20 ቢወረውር፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ፍሬዋን በ50 ስትሄድ ያያታል። መደመር ነው፣ በቃ። ብርሃንም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ከባጃጇ የሚወጣው ብርሃን የራሱ ፍጥነት ላይ የባጃጇ ይደመርለት ነበር። አይደመርለትም። ለሹፌሩም፣ መንገድ ዳር በቆሎ ለምትጠብሰው ሴትዮም፣ ከፊት ለፊት ለሚመጣው አይሱዙም የብርሃኑ ፍጥነት አንድ ነው። የሚሸሽም ሆነ የሚገጥም ሰው ሲለካው ያንኑ ቁጥር ያገኛል።

ይህን በደስታ የተቀበለ አልነበረም። በ1887 አሜሪካ ውስጥ አልበርት ማይክልሰንና ኤድዋርድ ሞርሊ መሬትን ራሷን እንደ ባጃጅ ተጠቀሙባት። መሬት ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በጉዞዋ አቅጣጫ የሄደ ብርሃንና አግድም የሄደ ብርሃን መለያየት ነበረባቸው። መሣሪያቸው ያን ልዩነት ለማየት ይበቃ ነበር። የጠበቁት ልዩነት ግን አልተገኘም።

ሌሎች ይህን ለማስታረቅ ሲደክሙ፣ አይንስታይን በ1905 ነገሩን ገልብጦ ያዘው። ብርሃን ለሁሉም እኩል ነው? እሺ፣ እንመነው። ከዚያስ ምን ይከተላል?

የሚከተለው ጉድ ነው። ፍጥነት ማለት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ነው። ውጤቱ አልነቃነቅ ካለ፣ መነቃነቅ ያለባቸው ተካፋዩና አካፋዩ ናቸው። ርቀትና ጊዜ! እኛ ለሁሉም ሰው አንድ ናቸው ብለን የምንምልባቸው ሁለቱ ነገሮች።

አንድ አውቶቡስ አስቡ። ወለሉ ላይ መስታወት፣ ጣሪያው ላይም መስታወት አለ። በመሃል አንድ የብርሃን ብልጭታ ላይ ታች ይነጥራል። በነጠረ ቁጥር «ጠቅ» ይላል። ይኸው ሰዓት ሆነ። አውቶቡሱ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሰኮሩ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን፣ ብርሃኑ ከወለሉ ተነስቶ ጣሪያው እስኪደርስ አውቶቡሱ ወደፊት ሄዷል። ስለዚህ ብርሃኑ የተጓዘው በሰያፍ ነው። ሰያፍ ደግሞ ከቀጥታው ይረዝማል። መንገዱ ረዘመ፣ ፍጥነቱ ያው ነው፤ እንግዲህ የፈጀው ጊዜ መርዘም አለበት። መንገድ ዳር ያለው ሰው የአውቶቡሱ ሰዓት ዘገም ብሎ «ጠቅ» ሲል ያያል። የሚዘገየው መስታወቱ ላይ ያለው ብርሃን ብቻ አይደለም። የሾፌሩ የእጅ ሰዓት፣ የተሳፋሪው የልብ ምት፣ ከላይ የተጫነው ጫት መጠውለግ ሳይቀር አብሮ ይዘገያል።

በአውቶቡስ ፍጥነት ይህ የሚታይ ነገር አይደለም። ከፍታም በራሱ ሰዓትን ይነካልና እሱን ትተን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከጅማ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ጅማ ከቀረው ወንድሙ በ43 ትሪሊዮንኛ ሰከንድ ያንሳል። ለልደት ኬክ አይበቃም። ነገር ግን ወደ ብርሃን ፍጥነት ስንጠጋ ልዩነቱ ይገዝፋል። ሙዎን የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር አየራችንን ሲመታ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይፈጠራሉ። ዕድሜያቸው በአማካይ 2.2 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። በዚህች ዕድሜ ብርሃን ራሱ 660 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። እነሱ ግን መሬት ይደርሳሉ። መዳፋችሁን ዘርጉ፤ በየሰከንዱ አንድ ያህል ያልፍበታል። ለእኛ የእነሱ ሰዓት ስለሚዘገይ ነው የሚደርሱት። ለእነሱ ደግሞ ሰዓታቸው ደህና ነው፤ ያጠረው ከላይ እስከ ታች ያለው መንገድ ነው።

ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ከፍጥነታቸው የተነሳ ይዘገያል፤ እዚያ ላይ ስበቱ ስለሚላላ ግን ከዚያ በበለጠ ይፈጥናል፤ ሲደመር ከእኛ በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማል። ይህ ባይታረም አንድ ቀን ሳይሞላ ካርታው በኪሎ ሜትሮች ይስት ነበር። አዌቱ ወንዝ ዳር ቆማችሁ ሰርቦ ናችሁ ይላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጊዜና ርቀት እንዲህ ከተሳሳቡ፣ ፍጥነት እንደ ቡና ፍሬዋ ተራ መደመር አይሆንም። በብርሃን ግማሽ ፍጥነት ከሚሄድ መንኮራኩር፣ እንደገና በብርሃን ግማሽ ፍጥነት ወደፊት ጥይት ቢተኮስ፣ ቆሞ የሚያይ ሰው ጥይቷን በብርሃን ሙሉ ፍጥነት ስትሄድ አያያትም። በ80 በመቶው ነው የሚያያት። ግማሽና ግማሽ ሰማንያ በመቶ! ደርበህ ደራርበህ ትጨምራለህ፣ ትጠጋለህ፣ አትደርስም።

«ጉልበት ጨምርበታ!» የሚል አይጠፋም። እንጨምር። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ከመርካቶ እንገዛ። ጉልበቱን ከጊልገል ጊቤ አንድ እናምጣ፤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያለው፣ በ2004 ሥራ የጀመረው ማለቴ ነው። አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። ሌት ተቀን፣ ክረምት ከበጋ በሙሉ አቅሙ ይሥራ፤ አንድም ዋት አይባክን፤ ሁሉም ለዚያች ኪሎ ቡና ይዋል። እኛ በኩራዝ እንቆያለን፤ ልምዱ አለን።

በድሮው በኒውተን ሒሳብ ብንሄድ ቡናው 8 ዓመት ሳይሞላ የብርሃንን ፍጥነት ይደርስ ነበር። እውነተኛውን ሒሳብ ወረቀት ላይ ስሠራው ግን እንዲህ ወጣ። የብርሃንን ግማሽ ፍጥነት ለመድረስ 2 ዓመት ተኩል ገደማ። ደስ ይላል። 90 በመቶ ለመድረስ 20 ዓመት። 99 በመቶ ለመድረስ 94 ዓመት። 99.9 በመቶ፣ 331 ዓመት። 99.99 በመቶ፣ 1,079 ዓመት። ማለትም ቅዱስ ላሊበላ ከመወለዱ በፊት ተጀምሮ ቢሆን ዛሬ ገና ያልቃል። ከ99 ወደ 99.9 ስንሄድ ፍጥነቱ የጨመረው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ወጪው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ለ100 በመቶ የሚያስፈልገውን ጉልበት ስናሰላ ቁጥር አይወጣም። ማለቂያ የለውም። ሕዳሴን ብንጨምርበትም ያው ነው።

ጉልበቱ የት ገባ? አልጠፋም፤ ቡናው ውስጥ አለ። ግድግዳ ቢመታ እያንዳንዷን ሳንቲም መልሶ ያወጣታል። ብዙ መጻሕፍት «ክብደቱ ይጨምራል» ይላሉ። እኔ አገላለጹን አልወደውም፤ ሰው ቡናው የሚያብጥ ይመስለዋል። ፍጥነቱን ለመጨመር የሚጠይቀው ግፊት እየናረ ይሄዳል ማለት ይበቃል።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በ1964 ዊልያም በርቶዚ የተባለ አሜሪካዊ ኤሌክትሮኖችን እየገፋ ፍጥነታቸውን ለካ። በመጨረሻው ግፊት፣ በኒውተን ሒሳብ ከብርሃን ከ7 እጥፍ በላይ መፍጠን ነበረባቸው። እነሱ ግን ብርሃን ጫፍ ላይ ተለጥፈው ቀሩ። የሚያርፉበትን ብረት ሙቀትም ለካ። ጉልበቱ እውነትም ገብቶባቸዋል። ፍጥነቱ ነው እምቢ ያለው።

እስካሁን ያልኩት «አይቻልም» ነው። «ለምን» የሚለው ሥር ግን ከዚህም ይጠልቃል። እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

አንዲት እህት ጅማ አለች። ወንድሟ ኔፕቱን አካባቢ ይሠራል፤ ብርሃን 4 ሰዓት የሚፈጅበት ርቀት ነው። ከብርሃን በእጥፍ የሚፈጥን ስልክ አላቸው እንበል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ «ቡና ተፈልቷል፣ ና» ብላ ላከች። 4 ሰዓት ላይ ደረሰው። እስካሁን ምንም ችግር የለም።

አሁን አንድ መንገደኛ ጠፈር ላይ ወደ ኔፕቱን አቅጣጫ በብርሃን 60 በመቶ ፍጥነት እየሄደ ነው። የሱ ሰዓትና የሱ ሜትር ከእህትየው ይለያሉ፤ አውቶቡሱን አስታውሱ። በሱ ስሌት መቼ ተላከ፣ መቼ ደረሰ? ሒሳቡ የሚለው መልእክቱ የደረሰው ከመላኩ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። የዓይን ማታለል አይደለም፤ ብርሃኑ መንገድ ላይ የቆየበትን ጊዜ ቀንሶ፣ አስልቶ ነው።

ይባስ እንዲል፣ መንገደኛው ኔፕቱን ጋ ሲያልፍ መልእክቱን አየና በሱ ሰዓት በቅጽበት በሚደርስ መሣሪያ «መጣሁ» ብሎ መለሰ። ያ መልስ ጅማ የሚገባው ከጠዋቱ 1:36 ላይ ነው። እህትየው ልትልክ 24 ደቂቃ ይቀራታል። ቡናው ገና እየታመሰ ነው። መልሱን አንብባ «እንግዲያውማ መላክ አያስፈልገኝም» ብትልስ? ያልተላከ መልእክት መልስ ከየት መጣ?

ከብርሃን ለማይበልጥ ነገር ይህ ጣጣ በጭራሽ አይመጣም። መልእክቷን በብርሃን ብትልከው መንገደኛው፣ እኛም፣ ማንም፣ መላኩ ይቀድማል መድረሱ ይከተላል እንላለን። በምን ያህል ጊዜ በሚለው እንለያይ ይሆናል። በቅደም ተከተሉ ግን አንለያይም።

ስለዚህ «የብርሃን ፍጥነት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ወሰኑ የብርሃን አይደለም። አንድ ነገር ሌላውን ለመንካት የሚፈጅበት ትንሹ ጊዜ ነው፤ የምክንያትና የውጤት ፍጥነት። ብርሃን የሚጎተት ክብደት ስለሌለው በዚያ ወሰን ላይ ይሄዳል እንጂ ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም። ሌላም ምስክር አለ። በነሐሴ 2017 ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት ተሰማ። የስበት ሞገዱ ደረሰ፤ 2 ሰከንድ ሳይሞላ የጋማ ጨረሩ፣ እሱም ዓይን የማያየው ብርሃን ነው፣ ተከተለ። 130 ሚሊዮን ዓመት ተጉዘው ጎን ለጎን ገቡ። ስበት ብርሃን አይደለም፤ ወሰኑ ግን አንድ ነው።

ይህን ሳወራ ሁልጊዜ የሚነሳ ብልጠት አለ። ከጅማ አዲስ አበባ የሚደርስ የብረት ዘንግ አምጣ። እዚህ ስገፋው እዚያ ወዲያው አይንቀሳቀስም? አይንቀሳቀስም። ብረትም አቶም ነው። አንዱ አንዱን እየገፋ ነው የሚሄደው፤ ይህም በብረት ውስጥ ያለ የድምፅ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል። አዲስ አበባ ያለው ጫፍ የሚነቃነቀው ከአንድ ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ስልክ መደወል ይሻላል።

ሌላው የሌዘር ጨዋታ ነው። ኃይለኛ ሌዘር ጨረቃ ላይ አብርታችሁ እጃችሁን ወዝወዝ ብታደርጉ፣ ነጥቧ ከዳር ዳር ከብርሃን በላይ ልትፈጥን ትችላለች። ግን ነጥቧ ዕቃ አይደለችም። ከግራ ወደ ቀኝ የተሸከመችው ነገር የለም። እያንዳንዱ ብርሃን ከእጃችሁ ተነስቶ በራሱ ፍጥነት ነው የሄደው። የአጽናፈ ዓለም መስፋትም ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚለጠጠው ራሱ ጠፈሩ ነው። ውኃ ውስጥ ደግሞ ብርሃን ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስለሚወርድ ኤሌክትሮን ሊቀድመው ይችላል፤ ሰማያዊ ፍካት ይወጣል። ወሰኑ ግን የባዶው ጠፈር ቁጥር ነው። እሱ አልተነካም።

አንድ ጊዜ የተነካ መስሎ ነበር። በ2011 ኦፔራ የተባለው ሙከራ ተመራማሪዎች፣ ኒውትሪኖ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከስዊዘርላንድ ጣሊያን 730 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ብርሃንን በ60 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ቀደሙ አሉ። ዓለም ተናወጠ። እነሱ ግን ጨዋዎች ነበሩ፤ «እኛም አላመንነውም፣ ስህተቱን ፈልጉልን» ዓይነት ነበር ነገራቸው። በ2012 ስህተቱ ተገኘ። በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ገመድ ነበር ዋናው። ቤታችን ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ የምንነካው ነገር!

በሳምንቱ ያን ሹፌር አገኘሁትና ዕዳዬን ከፈልኩ። ልክ በብርሃን ፍጥነት የምትሄድ ባጃጅ የለችም፤ እዚያ ጥያቄው ይቆማል። በ99 በመቶው ትሂድ ካልን ግን መብራትህን ስታበራ ብርሃኑ ከፊትህ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየራቀ ይወጣል፤ ቆመህ እንዳበራኸው ያህል። መንገድ ዳር ያለችው በቆሎ ጠባሽ ግን ብርሃኑ ከባጃጅህ በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲርቅ ታያለች አልኩት።

«ታዲያ ማንኛችን ነን ትክክል?»

«ሁለታችሁም። የአንተ ሰከንድና የእሷ ሰከንድ አንድ አይደሉም።»

ትንሽ ዝም አለ። ነገሩን ላጣፍጥለት ብዬ አሰላሁለት፤ ቀኑን 10 ሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትነዳ፣ ቤቱ ከዋለ ሰው በ14 ትሪሊዮንኛ ሰከንድ ታንሳለህ።

«እሱስ ጥሩ ነበር ጋሼ» አለ ማርሽ እየቀየረ። «ቤንዚን ወረፋ ላይ ቆሜ የማረጀውንስ ማን ይመልስልኛል?»